ኪስ ያለው ጥቁር ሻል

ጣልያን ቡሬ ሰፍሮ በነበረ ጊዜ ከታላቅ እኅቴ ጋር እኖር ነበር። አባትና እናታችን ከሞቱ ቆይተዋል። እኅቴ አግብታ ቡሬ ስትገባ እኔን ከጓዟ ጋር ይዛኝ መጣች፤ ባሏም እንደ ትርፍ ዕቃ አላየኝም። የሰከላ ደጋ ሰው ነው፤ ረዥም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚከድን። ጠላት በገባ በዓመቱ ጠመንጃውን አንሥቶ ዱር ገባ። ለጠየቀን ሁሉ "ለንግድ ወለጋ ወርዷል" እንል ነበር። የቅርብ ጎረቤቶቻችን የት እንዳለ ያውቃሉ፤ ቢሆንም "ወለጋስ እንዴት ነው?" ይሉናል። እኛም "ደኅና ነው፤ ሙቀቱ ብቻ በዛበት" እንላለን። እሱ ባለበት አገር ግን ሙቀት የሚባል ነገር አልነበረም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው በአንድ የገበያ ቀን ነው። ከእህል ጫኞች ጋር ተደባልቆ፣ የሰው አህያ እየነዳ መጣ። እኅቴ እግሩን አጠበችው። እሱ እጆቹን እሳቱ ላይ ዘረጋ። ጣቶቹ ተሰነጣጥቀው ነበር።

"ጋቢህስ?" አለችው።

"ቀበርሁት።"

"ጋቢ ይቀበራል እንዴ?"

"ነጭ ነዋ! አውሮፕላኑ ነጭ ነገር ሲያይ እንደ ጭልፊት ነው የሚወርደው። ሰዉ ሁሉ ልብሱን በጭቃና በቅጠል አጥቁሮታል። አንቺ የፈተልሽው ግን አልጠቁር አለኝ። ጭቃው ሲደርቅ ይረግፍና እንደ ጥርስ ይነጣል።" አፉን ከድኖ ሳቀ።

እኅቴ አልሳቀችም። "ስንቅስ በምን ትይዛለህ?" ብላ ጠየቀችው።

"ቆሎዬን በመሀረብ ቋጥሬ ስሮጥ ተፈታና ቁልቁለቱን ሙሉ ዘራሁት። ጠላት ብልኅ ቢሆን ኖሮ ዶሮ ልኮ ያገኘኝ ነበር።"

ያን ጊዜ ሳቀች። ገበያው ሳይበተን ተመልሶ ሄደ። እሱ ከወጣ በኋላ እኅቴ ብዙ ሰዓት ከምድጃው አልተነሣችም። ስትነሣ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ "ጥቁር ልብስ። ኪስ ያለው። ክረምት ሳይገባ።"

"ለሸማኔ እንስጠዋ" አልሁ።

"ሸማኔው ለማን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? ለወለጋ ሙቀት ልበለው?"

ጎረቤታችን አንዲት ሴት ነበረች፤ ደብረ ማርቆስ በመኳንንት ቤት ያደገች፣ እጀ ሙያ፣ ምላሰኛ። የትራስ ጠርዝ በዳንቴል እየሠራች ለሀብታሞች ትሸጣለች። እኅቴ ነገሩን ያማከረችው እሷን ነው። ሴትዮዋ እኔን ከእግር እስከ ራስ አየችኝና "ይቺ ትሥራው" አለች። "ሸማኔ ዕቃ ዘርግቶ፣ ጉድጓድ ገብቶ ነው የሚሠራ፤ ሰው ያየዋል። ኪሮሽ ግን ጭን ላይ ነው። ሰው ሲመጣ ነጠላዋን ጣል ታደርግበታለች። ልጅቷ ለሠርጓ ዳንቴል እየተማረች ነው ብትዪ ማን ምን ይልሻል?"

የእሷ ኪሮሽ ከጃንጥላ ሽቦ የተሠራ ቀጭን ነው፤ ለበግ ጠጉር አይሆንም። ስለዚህ ከወይራ እንጨት እንደ ጣቴ የወፈረ ኪሮሽ ጠርባ፣ ጫፉን ቆልምማ፣ ቅቤ ቀብታ ሰጠችኝ። ጥቁሩን የበግ ጠጉር እኅቴ ከገበያ ገዝታ መጣች። ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚያሠሩ ሰዎች የሚገዙት ዓይነት፣ ቆሻሻውና እሾኹ ያልወጣለት። አጠብነው፤ አደረቅነው፤ በደጋን ነደፍነው። እኅቴ ወፈር አድርጋ ፈተለችው። የእጇን ጥብቀት አውቀዋለሁ፤ ያ ክር ግን ከሁሉም የጠበቀ ነበር።

"ሻል ይባላል" አለችኝ ጎረቤታችን፣ አጠገቧ አስቀምጣ። "ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ የለም። መጀመሪያ እንዲህ ቀለበት ታደርጊያለሽ። ኪሮሹን አግቢ፤ ክሩን ሳቢ፤ አውጪ። አግቢ፣ ሳቢ፣ አውጪ። ሰንሰለት ይሆንልሻል። ሰንሰለቱ ከክርንሽ እስከ ጣትሽ ጫፍ ሲደርስ ያ ወርዱ ነው። ከዚያ ትመለሺና በእያንዳንዱ ዓይን እየገባሽ አዲስ ረድፍ ትሠሪያለሽ። ወደዚያ ሄደሽ ወደዚህ መመለስ ነው። እርሻ አይተሽ አታውቂም? እሱ ነው።"

"ኪሱስ?" አለች እኅቴ።

"ኪሱ ለብቻው አይሠራም። ሻሉን በጣም ታስረዝሚዋለሽ። ሲያልቅ ሁለቱን ጫፍ ስንዝር ከግማሽ ወደ ላይ አጥፈሽ ጎንና ጎኑን መስፋት ነው። ያን ጊዜ ከፊት ለፊት ግራና ቀኝ ሁለት ኪስ ይወርዳል። ሞኝ የሚሠራው ሻል ነው፤ ለዚህ ነው ለእኅትሽ የሰጠኋት" አለቻት።

እኔ ሰው ሲያየኝ እጄ የሚተሳሰር ነኝ። እሷ እያየችኝ ክሩን በጣም ስለማጠብቅ ኪሮሹ በዓይኑ አልገባ ይለኛል። ስትሄድ ይላላልኛል። ደግሞ በረድፉ መጨረሻ ያለችውን የዳር ዓይን እየዘለልሁ ስለምመለስ ሥራው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ጠበበ። መጠየቅ አፍሬ ዝም ብዬ ቀጠልሁ። ጎረቤታችን አንድ ቀን ስትመጣ አንሥታ አየችውና፣

"አንቺ ልጅ፣ ሻል ነው የምትሠሪ ወይስ የቄስ ቆብ?" አለችኝ። ክሩን ይዛ ሳበችው። ያ ሁሉ የደከምሁበት እየተተረተረ ጭኔ ላይ ተከመረ። አለቀስሁ። እሷ ግን ጣቴን ይዛ ያችን የዳር ዓይን አሳየችኝ። "እዚህች ላይ ነው የምትሰነፊ። መጨረሻ ነው ብለሽ ትተያታለሽ። እሷን ካልያዝሽ ልብሱ ሰው አይሸፍንም።"

እንደገና ጀመርሁ። አሁን ቀጥ ብሎ ወጣ። የጥቁር በግ ጠጉር ሽታ ጣቴን አልለቅ አለኝ፤ እንጀራ ስቆርስ እንኳ ይሸተኛል።

ልኩን የምትሰጠኝ እኅቴ ናት። "ትከሻው ይህን ያህላል" ትልና ሁለት እጇን ባዶ ቦታ ላይ ዘርግታ ታሳየኛለች፤ በእጆቿ መካከል የቆመ ሰው ያለ ይመስል። በሌላ ቀን ስጠይቃት እጆቿ የበለጠ ይራራቃሉ። ጎረቤታችን ይህን አይታ፣ "ሰውዬው እኮ በሌለበት እየወፈረ ነው! ጫካው ተስማምቶታል!" አለች። እኅቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ባሏ ዱር ከገባ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

ወሬውን የምታመጣልን የእሱ አክስት ናት። ቅቤ ለመሸጥ ከሰከላ እየወረደች በገበያ ቀን እኛ ቤት ታርፋለች። ቅቤዋን እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል "ደኅና ነው" ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። ሻሉን ወስዳ ለእሱ የምታደርስም እሷ ነበረች። እኅቴ ግን ሳያልቅ እንዳይነገራት አለች። "አልቆ፣ ታጥፎ፣ እጃቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው ነው የማወራ። ያላለቀ ነገር ሲያወሩበት አይሆንልኝም።" ስለዚህ አክስትየዋ በመጣች ቁጥር ሥራዬን ከመደቡ ቁርበት ሥር እደብቀዋለሁ። ሻሉን አንድም ቀን አላየችውም።

በሰከላ በኩል ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ሻሉ አለቀ። የገበያ ቀን ነበር። ሁለቱን ጫፍ አጥፌ ጎኑን እዚያው በተረፈው ክር ሰፋሁት። እኅቴ ከጭኔ ላይ ቀማችኝ። ኪሶቹን አገላበጠች፤ ከዚያ ገብስ ቆሎ ዘግና ሁለቱንም ሞላቻቸው፤ ይከብዳል ወይስ አይከብድም ብላ። ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ለእሷ ሰፋት፤ የእሱ ነዋ።

"ሲሮጥስ?" አለች። "ሲሮጥ ይወድቅበታል።" መቀነቷን ፈትታ ሻሉን ወገቧ ላይ አጥብቃ ታጠቀችው። ከዚያ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ከምድጃው እስከ በሩ ሮጠች። ተመለሰች። እንደገና ሮጠች። ቆሎው ከኪሱ ውስጥ ሸቀሸቀ እንጂ አንዲት ፍሬ አልወደቀችም። ፀጉሯ ተፈታታ። "አየሽ! አየሽ አንቺ! አልተዘራም!" እያለች ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ።

አክስትየዋ በሩ ላይ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው።

በእኛ አገር ባሏ ወይም ወላጇ የሞተባት ሴት ማቅ ትለብሳለች፤ ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ ሻካራ ልብስ ነው። ፀጉሯን ፈትታ፣ ወገቧን ታጥቃ ትቆማለች። እኔ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ እኅቴም ታውቃለች። ግን እኛ ያን ያህል ጊዜ ከዚያ ክር ጋር ስንኖር እንዲሞቀው ብቻ ነበር የምናስበው። ማቅ የሚለው ቃል አንድ ቀን እንኳ በመካከላችን አላለፈም።

አክስትየዋ የቅቤ ቅሏን ለቀቀችው። ደረቷን በሁለት እጇ መታች።

"ወይኔ ልጄን! ነገሩሽ! ማን ቀደመኝ? እኔ ሳልደርስ ማን ነገረሽ? ወይኔ ጋሻዬን!"

እኅቴ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመች። አክስትየዋ መጥታ አንገቷን አቀፈቻት፤ ትከሻዋ ላይ፣ ጥቁሩ ሻል ላይ አለቀሰች። ኋላ እኅቴ እንደማታለቅስ ሲገባት ቀስ ብላ ለቀቀቻት። ፊቷን አየችው። እኔን አየችኝ።

"አልሰማሽም እንዴ?" አለች።

"አክስቴ፣" አለች እኅቴ፣ የሻሉን ጫፍ ይዛ እያሳየቻት፣ "ይኼ እኮ የእሱ ነው። እንዲለብሰው ነው የሠራነው። እርስዎ ነዎት የሚወስዱለት።"

ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ መርጦ፣ ማለዳ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ሄዶ ነው የሚያረዳ። የሰከላ ሰዎችም እንዲያ አስበው ነበር። አክስትየዋን ቀድመው የላኳት እንደ ወትሮዋ ቅቤ ሸጣ እኛ ቤት እንድታድር፣ ማለዳ እነሱ ሲመጡ እኅቴን የሚደግፍ ሰው እንዲኖር ነው። ያን ሁሉ መንገድ ፊቷን ሳታጠቁር መጥታለች። እኛ ቤት ደርሳ ጥቁሩን ስታይ፣ ሸክሙን ሌላ ሰው ያወረደላት መሰላት።

እኅቴ መሬት ላይ ሆና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ምን ለብሶ ነበር?"

አክስትየዋ አጠገቧ ቁጭ አለች። "ሸሚዙን" አለች። "ሸሚዙን ብቻ። ጓደኛው የራሱን የበግ ቆዳ ደበሎ አልብሶ ቀበረው።"

ያን ጊዜ ነው እኅቴ የጮኸችው። ስሙን ልትጠራ ነበር፤ የመጀመሪያው ፊደል ከአፏ ወጥቷል። ጎረቤታችን እንዴት እንደደረሰች አላውቅም፤ ከኋላ መጥታ አፏን በመዳፏ ከደነችው።

"ስሙን አትጥሪ! እኅቴ፣ በማርያም፣ ስሙን አትጥሪ! ጠላት እዚህ ማዶ ነው ያለው። የማን ሚስት እንደሆንሽ ሲያውቁ ቤቱን ከነነፍስሽ ነው የሚያቃጥሉት። ይቺንስ ልጅ አታስቢም?"

ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ወደ ግቢው መግባት ጀምሯል። ጎረቤታችን አንድ እጇን እኅቴ አፍ ላይ አድርጋ በበሩ በኩል ተመለከተች። ከዚያ ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ ብላ፣ "እናቴ በዪ" አለቻት። "አልቅሺ፤ እንደፈለግሽ አልቅሺ። ግን እናቴ በዪ።"

እጇን አነሣች። እኅቴ አየር ሳበች፤ "እናቴ!" አለች።

እናታችን እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ የሞተች ናት። በዚያ ቀን እንደገና ሞተች። ጎረቤታችን ወጥታ "እናታቸው አረፉ፤ ከገጠር መልእክት መጣ" ብላ ተናገረች። ሴቶቹ ገቡ፤ ድንኳን ተተከለ፤ አልቃሽ መጥታ ስለ እናት የሚባለውን ሁሉ አለች። ምን ያህሉ ሰው እውነቱን እንዳወቀ አላውቅም። አንዳንዶቹ ሴቶች እኅቴን ሲያቅፏት ከሚገባው በላይ ያጠብቋት ነበር። እኅቴ "እናቴ፣ በረደሽ ወይ? እናቴ፣ ብቻሽን በዚያ ጫካ" እያለች ታለቅሳለች። ጫካ ስትል ጎረቤታችን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "እናቴ!" እያለች ትሸፍንላታለች። ማለዳ የደረሱት የሰከላ ሽማግሌዎችም ነገሩ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ የምራታቸውን እናት ሊያለቅሱ እንደመጡ ሰዎች ጥግ ላይ ተቀመጡ።

በሦስተኛው ቀን ጠላት የሾመው የሰፈራችን ሹም ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሰው ሁሉ ተነሣለት። "ነፍስ ይማር" ብሎ ተቀመጠና እኅቴን ሲያያት ቆየ።

"እናታችሁ በሕይወት እንደነበሩ አላውቅም ነበር" አለ።

"ገጠር ነበሩ ጌታዬ" አለች ጎረቤታችን። "በወጀት በኩል።" አሁን ፍኖተ ሰላም የሚባለውን ያን ጊዜ ወጀት ነበር የምንለው።

ሹሙ ዓይኑን ከእኅቴ ትከሻ ላይ አላነሣም። "እኔ የምለው፣ ማቅ ኪስ አለው እንዴ?"

ጎረቤታችን አፏን ስትከፍት በእጁ አስቆማት። "ማነው የሠራው?" አለ። ሰው ሁሉ ሳያስበው ወደ እኔ ዞረ።

እንግዳ ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ እንኳ ከእኅቴ ጀርባ የምደበቅ ሰው ነኝ። ተነሣሁ። "እኔ ነኝ" አልሁ። "ጀማሪ ነኝ። ረዘመብኝ። እንዴት እንደሚጨረስ ስላላወቅሁ... አጥፌ ሰፋሁት።"

ሹሙ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ሴቶቹም ፈርተው ሳቁ። "መጨረስ ሲያቅታት ኪስ አደረገችው! ይበል፤ ይበል" አለ። እጁን ሰዶ ወደ አንደኛው ኪስ አስገባ። ቆሎው እዚያው ነበር፤ እኅቴ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ሻሉን አላወለቀችም፤ ኪሱንም አላራገፈችም። ዘገን አድርጎ አወጣና እጁ ላይ አየው።

"ለለቅሶ ቤት ነው፤ ይቅመሱት ጌታዬ" አለች ጎረቤታችን።

አፉ ውስጥ ጨመረው። "ጥሩ ተቆልቷል" አለ። እያኘከ ስለ ዝናቡ ከሽማግሌዎቹ ጋር አወራ። ሲያልቅበት ደግሞ ዘገነ። እኅቴ አላለቀሰችም። አፉን ታያለች። እሱ በጨረሰ ቁጥር ኪሱን ወደ እጁ ጠጋ ታደርግለት ነበር። እስኪሄድ ድረስ እንዲያ አበላችው።

ጠላት አገራችንን ለቆ እስኪወጣ እኅቴ ስሙን በቤታችን ውስጥ እንኳ አልጠራችም። እኔ ሳላስብ ስጠራው ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። ለሚጠይቋት "ወለጋ ነው" ትላለች፤ ሰዎቹም ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው "ሙቀቱ እንዴት ነው?" ይሏታል። "በርትቷል" ትላለች።

ጠላት ከወጣ በኋላ ዘመዶቹ የሚገባውን ለቅሶ ሊያለቅሱለት ላኩብን። ሰከላ በእግር ወጣን። ሜዳው ላይ ሕዝቡ መዓት ነበር። አብረውት የነበሩት አርበኞች ጠጉራቸውን እንዳጎፈሩ፣ ጠመንጃቸውን ዘቅዝቀው መጡ። ፈረስ በጥቁር አልብሰው አዞሩ። ስሙን አንዱ ሲጠራ ሌላው ይቀበላል፤ ተራራው ይመልሳል። ያ የታፈነ ስም እንዲያ በአደባባይ ሲጮህ ስሰማ አሁንም ይሰማብናል ብዬ ዙሪያዬን አየሁ።

አክስትየዋ እኅቴን እጇን ይዛ ወደ መካከል አወጣቻት። ሰዉ ለሚስቱ ዝም አለላት። "በይ ልጄ" አለቻት አክስትየዋ። "አሁን ጥሪው። የሚከለክልሽ የለም። እስኪበቃሽ ጥሪው።"

እኅቴ ቆመች። አየር ሳበች።

"እናቴ!" አለች።

የማያውቁት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንደገና አፏን ከፈተች፤ ደግሞም "እናቴ" ብቻ ወጣ። ከዚያ አፏን ራሷ በመዳፏ ከደነችው። አክስትየዋ በእሷ ፈንታ ስሙን ጠራችላት፤ ሰዉም ተቀበለ፤ ለቅሶው ቀጠለ።

እኔ ከኋላዋ ነበርሁ። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። ያን ያህል ሕዝብ ፊት ግን ድምፅ አልወጣልኝም።